ለቡ፤ ስለ ጭቃ ቤት ክብር

የጥበብ ሀብት ሁሉ በወርቅና በእብነ በረድ ብቻ የሚኖር የሚመስለው ሰው፥ ከግምጃ ቤቱ ደጃፍ ቆሟል እንጂ ወደ ውስጥ አልገባም።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፥ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፥ ለቡ መብራት ኃይል የሚባል ሰፈር አለ። ንፋስ ስልክ የሚለው ስም ሽቦ አልባውን መልእክት፥ መብራት ኃይል የሚለውም የኤሌክትሪክን መሥሪያ ቤት ያስታውሳል፤ ሁለቱም የአዲስ ዘመን ስሞች ናቸው። «ለቡ» የሚለው ቃል ግን፥ ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከግእዝ ነው ባይባልም፥ ለግእዝ ተማሪ ጆሮ «አስተውል» የሚል ትእዛዝ ሆኖ ይሰማል። በዚያው ክፍለ ከተማ፥ በመካኒሳ፥ በእውነት ሊያስተውሉት የሚገባ ቤት አለና።

ይህም ዞማ ቤተ መዘክር ነው። ሠዓሊ ኤልያስ ስሜና ወይዘሮ መስከረም አሰግድ አቋቁመውት በ2011 ዓ. ም. ተከፈተ። ግድግዳው የቆመው በጭቃና በጭድ ሲሆን፥ በላዩም ልዩ ልዩ ቅርጽ ተቀርጾበታል፤ ሥዕል የሚያሳየው ቤት ራሱ ሥዕል ሆኗል።

ይህ ጥበብ ለከተማው እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ. ም. ከተቈረቈረች ዠምሮ የብዙው ሕዝብ መኖሪያ የእንጨትና የጭቃ ቤት ነበረ፤ ባሕር ዛፍም ከመጣ ወዲህ ቋሚውና ማገሩ ከእርሱ ሆነ። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋራ እየተረገጠ ይቦካል፤ ጭዱ ጭቃውን አያይዞ እንዳይሰነጠቅ ይጠብቀዋል። ክዳኑ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ዝናሙን ያርቃል፤ ክረምት የሸረሸረውም በበጋ ተመልሶ ይመረጋል።

ጭቃን የድኻ ቤት ነው ብሎ የሚንቅ ቢኖር፥ ወደ ዘጌ ሄዶ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ይመልከት። በዚያ የመቅደሱ ግድግዳ በጭቃ ተለስኖ፥ ሥዕሉ በሸማ ላይ ተሥሎ ተለጥፎበታል። ቅዱሳን ሥዕላትን ሊሸከም የተገባው ጭቃ፥ በከተማ ሊያሳፍር አይገባውም።

ቤተ መንግሥትን ከጥፋት ማዳን በዐዋጅና በስጦታ ይቻላል። የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ. ም. ለዩኒቨርሲቲ ተሰጥቶ፥ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይገኝበታል። የጭቃ ቤት ግን በዐዋጅ አይጠበቅም። ድንጋይ ጠባቂ አጥቶ ብዙ ዘመን ይቆማል፤ ጭቃ ግን የሚመርገው እጅ ሲጠፋ በጥቂት ክረምት ወደ መሬቱ ይመለሳል። የሚጠበቀው እንግዲህ ግድግዳው ብቻ ሳይሆን፥ አቡኪውና መራጊው፥ ከእነርሱም የሚማረው ልጅ ነው።

የቀድሞው ሰፈር ፈርሶ ፎቅ ሲሠራ ቤቱ ብቻ የፈረሰ ይመስላል፤ ዕውቀቱም ዐብሮ እንደሚሄድ የሚያስብ ጥቂት ነው። ስለዚህ በመብራት ኃይል ብርሃን የሚኖር የከተማ ሰው፥ ልጆቹን ይዞ ወደ መካኒሳ ይሂድ፤ አባቶቹ ከእግራቸው በታች ካለው ዐፈር ምን እንደ ሠሩ ያሳያቸው። የሰፈሩ ስምም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ለቡ።