በአንዲት ፊደል የታገደው ፊልም

እ.ኤ.አ. በ1977 ሴኔጋላዊው የፊልም ሰው ኡስማን ሴምቤን «ቼዶ»ን ሠርተው ጨረሱ፤ ፊልሙ ግን በገዛ አገራቸው እንዳይታይ ታገደ። ታሪኩ የባሪያ ንግድንና የእስልምናን አመጣጥ በድፍረት ስለሚያነሳ የእገዳው ትክክለኛ ምክንያት ይኸው ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። መንግሥት በይፋ የሰጠው ምክንያት ግን የአጻጻፍ ስሕተት ነበር። ሴምቤን ርእሱን በላቲን ፊደል ሲጽፉ «ደ»ን ደገሟት፤ ፕሬዚዳንት ሊዮፖልድ ሴዳር ሴንጎር አንዷ ትበቃለች አሉ።

እኛ «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን ጊዜው አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ይረዳዋል፤ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይለይምና። የፊልሙ ርእስ የተጻፈበት የሴኔጋል ቋንቋ ወሎፍኛ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ግን የሚጠብቀው ድምፅ ይደገማል። የሚጠብቀው የቱ እንደሆነ የሚወስነው ማን ነው? ጠቡ እዚህ ላይ ነበር።

ሴንጎር ገጣሚ፣ ፈረንሳይ አገር ሰዋስው ያስተማሩ መምህር ነበሩ፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ደግሞ ሴረር። በ1971 ወሎፍ፣ ፑላር፣ ሴረር፣ ጆላ፣ ማንዲንካና ሶኒንኬ ብሔራዊ ቋንቋዎች ተብለው አጻጻፋቸው በድንጋጌ የተወሰነው በእሳቸው ዘመን ነው። ይህ ውለታ ሊካድ አይገባም።

የሴምቤን መንገድ ሌላ ነው። ማርሴይ ወደብ ላይ ሸክም እየተሸከሙ የኖሩ፣ ልቦለዶቻቸውን በፈረንሳይኛ የጻፉ ደራሲ ናቸው። ወገናቸው መጻሕፍታቸውን ማንበብ እንደማይችል ሲያዩ ወደ ፊልም ዞሩ። በ1968 የወጣው «ማንዳቢ» የሚናገረው ወሎፍኛ ነው። ባለታሪኩ ኢብራሂማ ፓሪስ ያለ የወንድሙ ወይም የእኅቱ ልጅ የላከለትን ሐዋላ ለመቀበል ፖስታ ቤት ሲሄድ መታወቂያ አምጣ ይሉታል፤ መታወቂያ ለማውጣት የልደት ወረቀት፣ ፎቶግራፍ፣ ቴምብር ያስፈልጋል። ማንበብ የማይችለው ሰው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ገንዘቡን ተበልቶ ይቀራል። ሴምቤን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከቋንቋ ሊቁ ፓቴ ዲያኝ ጋር «ካዱ» የተባለ የወሎፍኛ መጽሔትም አቋቁመዋል።

የታሪክ ሊቁ ሼክ አንታ ጆፕም ከዚህ የፊደል ጠብ አላመለጡም፤ የጋዜጣቸው ስም ላይ «ገ» ተደግማለች ተብሎ ስሙን ለመለወጥ ተገደዱ። ሴምቤን ግን ርእሳቸውን አልቀየሩም።

በእኔ እምነት ሴንጎር በሰዋስው መከራከር መብታቸው ነበር፤ ክርክሩን በመንግሥት ሥልጣን መዝጋታቸው ግን በደል ነው። በ1980 መጨረሻ ሥልጣናቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ፤ «ቼዶ»ም ከዚያ በኋላ ለአገሩ ሕዝብ ታየ። በ2001 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ስድስቱን ቋንቋዎች በስም ጠርቶ ብሔራዊ ይላቸዋል፤ የመንግሥት የሥራ ቋንቋ ያደረገው ግን ፈረንሳይኛን ነው።