ጠፋ ያልነው ፊደል የት ሄደ?

ነገሩ የጀመረው በአንድ ስም ነው። አንድ ወዳጄ ከሁለት ጠበቆች ጋር በከፈተው ቢሮ ውስጥ የደንበኞችን ስም፣ የመዝገብ ቁጥርና የቀጠሮ ቀን የሚይዝ አነስተኛ ፕሮግራም አለ። ፕሮግራሙ ሥዕልም ሆነ በመዳፊት የሚጫኑት ነገር የለውም። ጥቁሩ ተርሚናል ላይ ጥያቄ ይጽፋል፤ ጸሐፊዋ መልሱን ጽፋ ኢንተር ትጫናለች፤ አበቃ። ታዲያ የአንድ ደንበኛ የይግባኝ ጊዜ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው «አበበ» የሚለው ስም ቢፈለግ፣ ቢፈለግ ፕሮግራሙ «አልተገኘም» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልሰጥ አለ። ዝርዝሩ በሙሉ ሲወጣ ግን አቶ አበበ በቦታቸው አሉ። ከስማቸው ጫፍ ላይ ማንም ልብ ያላላት አንዲት የጥያቄ ምልክት ተለጥፋለች እንጂ ሌላ እንከን አይታይም።

እኔ የተማርኩት ሕግ ነው። ሆኖም ከኮምፒዩተር ጋር ሳመሽ ብዙ ዓመት ስለሆነኝ ወዳጄ «እስቲ አንተ እየው» አለኝ። ጸሐፊዋን ስጠይቃት መጀመሪያ «አበበች» ብላ እንደነበር፣ ስህተቱን አይታ ባክስፔስን አንድ ጊዜ ስትጫን «ች» ከስክሪኑ ላይ እንደጠፋችላትና ኢንተር እንደተጫነች ነገረችኝ። የሠራችው ሥራ ምንም ስህተት የለበትም። ስክሪኑ «አበበ» ይላል። የኮምፒዩተሩ ማኅደር ውስጥ የገባው ግን «አበበ» ሲደመር የ«ች» ሁለት ሦስተኛ ነበር።

ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል? ለሕግ ባለሙያ ጥያቄው የሥልጣን ጥያቄ ነው። ኢንተር እስክንጫን ድረስ የጻፍነው መስመር በማን እጅ ነው ያለው? የማረምስ ሥልጣን የማን ነው? የኮምፒዩተሩ አስኳል (ከርነል የሚሉት) ነው፣ ፕሮግራሙ ነው፣ ወይስ ፕሮግራሙ የተዋሳት ላይብረሪ? በተርሚናል ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን የሚያስቸግረው ጣጣ በአብዛኛው የሚመነጨው ይህ ሳይለይ ሲቀር ነው። ፕሮግራሙ በሊኑክስም፣ በማክም፣ በዊንዶውስም እንዲሠራ ሲፈለግ ደግሞ ባለሥልጣኑ ከአገር አገር ይለያያል።

በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው የጽሕፈት መኪናን ያስታውሳል። የተሳሳተ ፊደል ከወረቀቱ ላይ አይነሣም፤ በላዩ ላይ ይደበደብበታል። ተርሚናልም ትውልዱ ከዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣውና ሞዴል 33 የተባለው ቴሌታይፕ ኪቦርድ ያለው፣ ወረቀት ላይ የሚያትም መሣሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላብስ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ የጀመሩት ዩኒክስ የተሠራው በእንዲህ ዓይነት መሣሪያ ፊት ነው። ከወረቀት ላይ መሰረዝ ስለማይቻል «#» የምትለዋ ምልክት የመጨረሻውን ፊደል፣ «@» ደግሞ መስመሩን በሙሉ ሰርዝ ማለት ሆነች። ወረቀቱ ላይ ስህተቱም የስህተቱም ስረዛ ይታያሉ፤ ኮምፒዩተሩ ግን የታረመውን ብቻ ይዟል። ማለትም የምናየውና ኮምፒዩተሩ የያዘው አንድ ያለመሆናቸው ነገር ከጥንት የነበረ ነው። ልዩነቱ ያኔ ሁለቱ እንደሚለያዩ ጸሐፊው በግልጽ ያውቅ ነበር።

ስክሪን ከመጣ በኋላ ይኸው አሠራር በከርነል ውስጥ ቀረ። ባለሙያዎቹ የመስመሩን ሁኔታ በሁለት ይከፍሉታል፤ ጥሬና ብስል። በብስሉ ሁኔታ ከርነሉ መስመሩን በእጁ ይዞ ይቆያል። ባክስፔስ አንዱን ይሰርዛል፣ ኮንትሮልና ደብልዩ ቃሉን፣ ኮንትሮልና ዩ መስመሩን በሙሉ። ፕሮግራሙ አንድ ነገር የሚደርሰው ኢንተር ሲመታ ነው። ለፕሮግራመሩ ይህ ነጻ ስጦታ ነው፤ አንድ መስመር ኮድ ሳይጽፍ ማረሚያ ያገኛል። ችግሩ ከርነሉ «አንዱን» ሲል ምን ማለቱ ነው የሚለው ነው።

ከርነሉ የሚቆጥረው ባይት ነው። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ስለሆነ ለእነሱ ፊደልና ባይት አንድ ናቸው። የእኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከገባ ወዲህ ግን በዩቲኤፍ8 ሲጻፍ እያንዳንዱ ሆሄ ሦስት ባይት ይይዛል። «ች» 225፣ 137 እና 189 ናት። ከርነሉ አንድ ባይት ሲሰርዝ 189 ትሄዳለች፤ 225 እና 137 ይቀራሉ። በስክሪኑ ላይ ግን ጠቋሚውን አንድ ቦታ ወደ ኋላ ስቦ ባዶ ስለሚያትምበት ፊደሏ ሙሉ በሙሉ የሄደች ትመስላለች። «እንግዲያው ሦስት ጊዜ ልጫን» የሚል ካለ ደግሞ ማኅደሩ ይስተካከላል፣ ስክሪኑ ግን ሦስት ፊደል ይበላል። ስክሪኑ ሲያምር ውስጡ ይበላሻል፤ ውስጡ ሲያምር ስክሪኑ ይበላሻል።

መድኃኒቱ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ከወጣው የሊኑክስ ከርነል 2.6.4 ጀምሮ «የሚገባው ጽሑፍ ዩቲኤፍ8 ነው» ብሎ ለከርነሉ የሚያስታውቅ ማብሪያ አለ፤ ስሙ አይዩቲኤፍ8 ይባላል። ከበራ ከርነሉ ሙሉውን ሆሄ ይሰርዛል። የዛሬ የተርሚናል መስኮቶች በራሳቸው ያበሩታል። ሆኖም ሰው ከቤቱ ሆኖ በኤስኤስኤች ከሩቅ ኮምፒዩተር ጋር ሲገናኝ የዚህን ማብሪያ ሁኔታ ወደ ማዶ የሚያሻግረው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ አርኤፍሲ 8160 ይባላል። ከዚያ በፊት የተሠራ የመገናኛ ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው ማብሪያውን በእጁ ካላበራ በቀር እንደኛዋ ጸሐፊ ይሆናል። የእኛም ነገር ይኸው ሆኖ ተገኘ። ጸሐፊዋ ያን ቀን ከቤት ሆና ነበር የሠራችው፤ የቤቷ ላፕቶፕ ላይ ያለው የመገናኛ ፕሮግራም አሮጌ ነው።

ከርነሉ የሚሰጠው ማረሚያ ግን ድሃ ነው። ጠቋሚውን ወደ መስመሩ መሐል መልሶ አንድ ፊደል ማስገባት አይቻልም። የግራ ቀስቱን ሲጫኑ በመስመሩ ላይ አራት እንግዳ ምልክቶች ተደርድረው ያያችሁ ካላችሁ ምክንያቱ ይህ ነው። ቀስት ለተርሚናል አንድ ፊደል አይደለም፤ እስኬፕ የምትባለው 27፣ ከዚያ የማዕዘን ቅንፍ፣ ከዚያ አንድ የላቲን ፊደል ሆኖ የሚመጣ የሦስት ባይት መልእክት ነው። ይህን የሚተረጉም ፕሮግራም ከርነሉን «ሥልጣንህን ልቀቅ» ማለት አለበት። ወደ ጥሬው ሁኔታ መግባት ማለት ይኸው ነው።

ጥሬው ሁኔታ ነጻነት ነው፤ ዕዳውም የዚያኑ ያህል ነው። ባክስፔስ በአንዱ ተርሚናል ቁጥር 127፣ በሌላው ቁጥር 8 ሆኖ ይመጣል፤ ይህ ክርክር አሥርተ ዓመታትን ያስቆጠረና ዛሬም ያልሞተ ስለሆነ ጠንቃቃ ፕሮግራም ሁለቱንም ይቀበላል። የእስኬፕ ቁልፍ ብቻውን ሲመታ ደግሞ ከቀስት መልእክት መጀመሪያ ጋር አንድ ነው፤ ፕሮግራሙ ጥቂት የሰከንድ ክፍልፋይ ጠብቆ «ተከታይ አለው ወይስ የለውም» ብሎ መወሰን አለበት። የሩቅ ግንኙነት ሲዘገይ ይህ ግምት ይሳሳታል። ከሁሉ የሚከፋው ፕሮግራሙ ተርሚናሉን ጥሬ እንዳደረገው በድንገት ከሞተ ነው። ተጠቃሚው የሚጽፈው የማይታይበት፣ ኢንተር የማይሠራለት መስኮት ፊት ይቀመጣል። ስለዚህ በተገባበት ሁኔታ ሁሉ፣ ስህተት ቢፈጠርም ጭምር፣ ሲወጣ የቀድሞውን መመለስ ግዴታ ነው። ቤት የተከራየ ሰው እንደተረከበው ያስረክባል።

ዊንዶውስ ሌላ አገር ነው። እዚያ ቁልፍ በባይት ሳይሆን «ይህ ቁልፍ ተጫነ፣ ይህ ተለቀቀ» የሚል መዝገብ ሆኖ ይመጣል። ቀስት ቀስት ነው፤ ምሥጢራዊ መልእክት የለውም። ብስሉ ሁኔታም የራሱ የሆነ፣ ከዩኒክሱ የተሻለ ማረሚያ አለው። ቀስቶቹ ይሠራሉ፣ ቀድሞ የተጻፈው በላይኛው ቀስት ይመለሳል። ጽሑፉን የሚይዘው በዩቲኤፍ16 ስለሆነ «ች» እዚያ አንድ ነጠላ ቁጥር ናት፤ የባይቱ ችግር እዚያ አይነሣም። የግብዓት ማብቂያውም ኮንትሮልና ዲ ሳይሆን ኮንትሮልና ዜድ ነው። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ማይክሮሶፍት የዩኒክሱን የእስኬፕ መልእክቶች መቀበል ጀምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ዊንዶውስ ተርሚናልም ሁለቱን ዓለሞች አቀራርቧቸዋል። አንድ አልሆኑም እንጂ።

ይህን ሁሉ ያነበበ ፕሮግራመር «እኔ አልጽፈውም፣ የተጻፈ ልዋስ» ቢል ልክ ነው። እዚህ ላይ ግን ጉዳዩ ወደ እኔ ሙያ ይመጣል፤ የተዋሱት ነገር የውሰት ውል አለውና።

ከሁሉ የታወቀው ሪድላይን ነው። ብራያን ፎክስ ለፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን የጻፈው፣ ከ1980ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ከባሽ ጋር አብሮ ያደገ፣ ለብዙ ዓመታት በቼት ሬሚ የተያዘ ላይብረሪ ነው። ፈቃዱ ጂፒኤል ነው። ላይብረሪውን ከፕሮግራምህ ጋር አያይዘህ ካሰራጨህ የአንተንም ፕሮግራም ምንጭ በዚያው ፈቃድ ስጥ ነው የሚለው፤ እንዲያ እንዲሆንም ሆን ተብሎ ነው የተደረገው። ክርክሩን እ.ኤ.አ. በ1992 ሪቻርድ ስታልማንና ክሊስፕ የተባለውን ፕሮግራም የሠራው ብሩኖ ሃይብለ በደብዳቤ ተከራክረውበታል። ሃይብለ «የእኔ ሥራ ከሪድላይን የመነጨ አይደለም» አለ፤ ስታልማን «አብረው ሲያያዙ አንድ ሥራ ናቸው» አለ። በመጨረሻ ክሊስፕ ራሱ በጂፒኤል ወጣ። ፍርድ ቤት ሳይደርስ ያለቀ ክርክር ስለሆነ ማን ልክ እንደነበር የሚወስን ፍርድ የለንም። በእኔ አስተያየት የስታልማን አቋም ከቅጂ መብት ሕግ አኳያ እርግጠኛ የሚባል አይደለም፤ ነገር ግን ደንበኛዬን «ሞክረው» ብዬ አልመክርም።

ለእኛ አገር ሶፍትዌር ሠሪዎች ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች ውስጥ ያስገባል። «ከኢንተርኔት በነጻ ያገኘሁት ነው» ማለት መከላከያ አይሆንም፤ ነጻ ማለት ያለ ውል ማለት አይደለም። ሆኖም ጂፒኤል ግዴታውን የሚያመጣው ፕሮግራሙ ለሌላ ሲሰራጭ እንጂ በራስ ቢሮ ውስጥ ሲሠራበት አይደለም። ወዳጄ ፕሮግራሙን ለራሱ እስከተጠቀመበት ድረስ ሪድላይንን ቢጠቀም የሚያሰጋው ነገር የለም። ለሌሎች ጠበቆች ልሽጥ ካለ ግን ወይ ምንጩን አብሮ ይስጥ፣ ወይ ሌላ ይፈልግ።

ሌላም አለ። ከቢኤስዲ ወገን የመጣው ሊብኤዲት ፈቃዱ ልል ነው፤ አፕል በማክ ላይ የሚያቀርበው እሱን ነው። ሬዲስን የሠራው ሳልቫቶሬ ሳንፊሊፖ እ.ኤ.አ. በ2010 ላይንኖይዝ የተባለ በጣም አጭር ላይብረሪ አውጥቷል፤ ፈቃዱም ልል ነው፤ ግን ሲወጣ ዩቲኤፍ8ን አያውቅም ነበር። በፓይተን ለሚጽፍ ሰው ፕሮምፕት ቱልኪት የሚባለው በሊኑክስም በዊንዶውስም ይሠራል፣ ፈቃዱም ቢኤስዲ ነው። ፓይተን ራሱ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 በወጣው 3.13 ለራሱ የመጻፊያ ገጽ አዲስ ማረሚያ አስገብቷል።

የትኛውም ቢመረጥ በአማርኛ ሳይሞከር እጅ መስጠት የለበትም። ሙከራውም «ሰላም» ጽፎ ማየት ብቻ አይደለም። አንዳንድ የአማርኛ መጻፊያዎች መጀመሪያ ሳድሱን ያስቀምጣሉ፤ አናባቢው ሲመታ ራሳቸው ባክስፔስ ልከው ሳድሱን ያስነሡና ትክክለኛውን ሆሄ ይተካሉ። ማለትም ጸሐፊው አንድም ስህተት ሳይሠራ በየሁለት ምቱ አንድ ስረዛ አለ። ስረዛው በባይት ከሆነ እያንዳንዱ ቃል በስብርባሪ ይሞላል። ሙከራው እንግዲህ በሰዎቹ እጅ ባለው መጻፊያ፣ በሩቅ ግንኙነትም ጭምር፣ ቃል ጽፎ፣ ከመሐል ፊደል አንሥቶ፣ ከዚያ ፋይሉ ውስጥ የገባውን ባይት መቁጠር ነው። «አበበ» ዘጠኝ ካልሆነ የሆነ ነገር ቀርቷል።

የእኛ አቶ አበበ አሥራ አንድ ነበሩ። ይግባኙ በጊዜው ገባ፤ መዝገቡ በእጅ ተፈልጎ ከመደርደሪያ ወጣ። ፕሮግራሙም አሁን ከመመዝገቡ በፊት የተሰበረ ባይት ያለበትን መስመር አልቀበልም ይላል። ጸሐፊዋ ግን ባክስፔስን ማመን ትታለች። ስትሳሳት ኮንትሮልና ዩ ተጭና መስመሩን በሙሉ ታጠፋና እንደገና ትጽፋለች። በአሮጌው ላፕቶፕ ላይ ይህ ማኅደሩን ንጹሕ ያደርጋል፤ ስክሪኑ ላይ ግን ፕሮግራሙ የጠየቃትን ጥያቄም አብሮ ይበላዋል። «ጥያቄውንማ አውቀዋለሁ» አለችኝ።