የስንዴ ዋግ ታሪክና ለእኛ የተወው ትምህርት

ስለ ጦርነትና ስለ ነገሥታት ብዙ ታሪክ ተጽፏል፤ ስለ እህል ጠላት የጻፉት ግን ጥቂቶች ናቸው። ጦር ያልደረሰበትን አገር ረኃብ ሊያጠፋው ይችላልና፥ እኛ ተማሪዎች በዚህ መጽሔት ስለ ስንዴ ዋግ ጥቂት ለመጻፍ አስበናል።

ዋግ የዛሬ በሽታ አይደለም። ንጉሥ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን በመረቀ ጊዜ በጸለየው ጸሎት ከራብና ከቸነፈር ጋራ ዋግን አንሥቶታል (ነገሥት ቀዳማዊ ምዕ. 8)። የጥንት ሮማውያንም በየዓመቱ በሚያዝያ ወር ሮቢጉስ ለሚሉት ጣዖት ውሻ ይሠዉ ነበር። በ1865 እ.ኤ.አ. ግን አንቶን ደ ባሪ የተባለ የጀርመን ሊቅ፥ የግንድ ዋግ ሕይወቱን በሁለት ዓይነት ተክል ላይ የሚያሳልፍ ሻጋታ መሆኑን አስረዳ።

የስንዴ ዋግ ሦስት ዓይነት ነው፤ ይኸውም የግንድ ዋግ፥ የቅጠል ዋግና ቢጫ ዋግ ነው። ዱቄት መሳይ ዘሩ በነፋስ ተጭኖ ድንበር ሳያግደው ይጓዛል፤ በርጥብ ተክል ላይ ሲያርፍ ምግቡን ይመጥጠዋል፤ ፍሬውም ሳይሞላ ይጨማደዳል። የግንድ ዋግ በገባበት ማሳ ያለፈ ሰው ልብሱ ዝገት የነካው ይመስላል።

በአገራችን ታሪክ የሚያስደንቀው፥ አንድ ዓይነት ጉዳት ሦስት ጊዜ መደጋገሙ ነው። በ1986 ዓ.ም. ግድም በአርሲና በባሌ እጅግ ተስፋፍቶ የነበረውን እንኮይ የተባለውን ስንዴ የግንድ ዋግ መታው። በ2002 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ በረዘመ ጊዜ ደግሞ ቢጫ ዋግ ኩብሳንና ገላማን መትቶ ከ400 ሺህ ሄክታር በላይ አዳረሰ። በዚያ ዘመን ጸንቶ የተገኘው ዲገሉ ነበርና ገበሬው ሁሉ ወደ እርሱ አዘነበለ። ዲገሉ በ1998 እ.ኤ.አ. በኡጋንዳ የተገኘውንና ዓለምን ያስፈራውን ዩጂ99 የተባለውን ዋግ እንኳ የሚቋቋም ነበር። ነገር ግን በ2006 ዓ.ም. ሌላ አዲስ የግንድ ዋግ መጥቶ ያንኑ ዲገሉን ጣለው። ገበሬው የዘራው የተሰጠውን ምርጥ ዘር ነውና ሊወቀስ አይገባውም። ጉዳቱ የመጣው ሰፊ አገር በአንድ ዘር ላይ በመደገፉ ነው፤ ዋጉ የአንዱን ማሳ በር የሚከፍትበትን መንገድ ካገኘ የሁሉንም ከፍቷልና።

እኛ የቦሌና የምሥራቅ አዲስ አበባ ልጆች፥ ይህ የአርሲ ገበሬ ጉዳይ ነው ብለን ማለፍ አይገባንም። የቦሌ አራብሳና የቡልቡላ ምድር ፎቅ ሳይቆምበት እርሻ ነበረ፤ ዛሬ ግን ዳቦአችንን የምንጠብቀው ከሌላው ገበሬ ነው። ደግሞም ዋጉን የሚጠባበቁት ሊቃውንት ጎረቤቶቻችን ናቸው። ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል በጉርድ ሾላ ጽሕፈት ቤት አለው፤ በቁሉምሳና በደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) የምርምር ማዕከሎችም ዘሮች ከዋግ ጋራ እየተፈተኑ ይመረጣሉ። የነፋሱንም ጉዞ አስቀድሞ በመገመት ለገበሬው ማስጠንቀቂያ ይላካል።

መድኃኒቱም ከሩቅ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ቫቪሎቭ የተባለው የሩሲያ ሊቅ በ1927 እ.ኤ.አ. መጥቶ የስንዴአችንን ዓይነት ብዛት አይቶ ተደንቆ ነበር። የግንድ ዋግን ከሚቋቋሙት ባሕርያት አንዱም ከኢትዮጵያ ስንዴ ተገኝቷል። ስለዚህ አያቶቻችን ያቆዩልንን ልዩ ልዩ ዘር ንቀን ብንጥለው፥ ለነገው ጠላት ጋሻችንን እንደ መጣል ይቈጠራል። ከእኛም መካከል የእርሻን ትምህርት የሚመርጡ ይብዙ፤ ሞያው የአገርን እንጀራ መጠበቅ ነውና።