ቫኪዩም፦ «ባዶ» ነው ወይስ «የግፊት ጉድለት»?

የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ሚኒሞ። «ቫኪዩም» ግን በእንግሊዝኛ በኩል የመጣ ነው። ሥሩ ላቲን፣ ትርጉሙ «ባዶ» ስለሆነ ወደ አማርኛ የሚመልሱት ሰዎች «ባዶ» ወይም «ኦና» ይሉታል። ጎንደር ውስጥ አሮጌ የቤንዚን ፒክአፕ ለሚነዳ ሰው ግን ይህ ፍቺ ያሳስታል።

ፒስተን ወደ ታች ሲወርድ አየር ይስባል። እግራችንን ከቤንዚን መስጫው ስናነሳ የካርቡሬተሩ መዝጊያ ስለሚከደን አየሩ እንደልቡ አይገባም። ስለዚህ አየሩ ወደ ሲሊንደሮቹ በሚያልፍበት ቧንቧ (በማኒፎልዱ) ውስጥ ያለው ግፊት ከውጪው ያንሳል። መካኒኩ ቫኪዩም የሚለው ይህን ያነሰውን ልክ ነው። ውስጡ አየር አለ፤ ጎደለ እንጂ ባዶ አልሆነም። እኔ «የግፊት ጉድለት» የምለው ለዚህ ነው።

ስያሜው ደጋ ላይ ጥቅሙ ይታያል። በባሕር ጠለል የውጪው አየር ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ ከ2,100 ሜትር በላይ ባለችው ጎንደር 585 ገደማ ይሆናል። ጤነኛ ሞተር በባሕር ጠለል ሚኒሞ ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ቫኪዩም ያሳያል፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ኢንች ያህል ይቀንሳል። እናም ጎንደር ላይ 12 ኢንች ያየ ሰው ሞተሩን ለማስፈታት አይቸኩል። የውጪው አየር ራሱ ስለሳሳ ነው ልዩነቱ የጠበበው። «ባዶ» የሚለው ቃል ይህን አይነግረንም።

አሁን ወደ ቫኪዩም ጎማዎቹ፣ ማለትም ይህን ጉድለት ከማኒፎልዱ ወደየዕቃው ወደሚያደርሱት ቱቦዎች። የፋብሪካው ካርቡሬተር ወጥቶ ቀላል ምትክ ሲገባ፣ ቀድሞ እንደ ሸረሪት ድር ተጠላልፈው ከነበሩት ቀጫጭን ቱቦዎች ብዙዎቹ ሥራ ይፈታሉ። የጭስ መመለሻው፣ የማነቆ መክፈቻው፣ በሙቀት የሚሠሩት ቫልቮች ቱቦ ሊወጣ ይችላል። ቀዳዳው ግን በደንብ ይደፈን፤ ክፍት ከቀረ ትርፍ አየር ገብቶ ሚኒሞው ይንቀጠቀጣል። አንዳንድ የቶዮታ ሞዴሎች ከ1,200 ሜትር ገደማ በላይ ለካርቡሬተሩ ተጨማሪ አየር የሚሰጥ የከፍታ ማስተካከያ ነበራቸው። ከድሮው ካርቡሬተር ጋር እሱም ስለሚቀር፣ በምትኩ የቤንዚን ማሳለፊያዋ ቀዳዳ ለደጋው አየር ጠበብ ያለች ትመረጥ። አለበለዚያ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ጭሱ ይጠቁራል።

የማይነኩት ቱቦዎች ሦስት ናቸው። የሞተሩን የውስጥ ትነት የሚመልሰው፣ የዲስትሪቢዩተሩን እሳት የሚያስቀድመውና የፍሬን ማገዣው። ለሦስተኛው ነው የምፈራው። የፍሬን ማገዣ ጉልበቱን የሚያገኘው በአንድ በኩል ባለው የጎደለ ግፊትና በሌላው በኩል ባለው የውጪ አየር መካከል ካለው ልዩነት ነው። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ልዩነቱ ከጎንደርም ይጠባል፤ የሊማሊሞ ቁልቁለት ደግሞ ከዚያው ይጀምራል። ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ ቁልቁለቱን መልቀቅ የሚወድ ሹፌር ሁለት ሦስቴ ከረገጠ በኋላ ያጠራቀመው ጉድለት ያልቅና ፔዳሉ ድንጋይ ይሆንበታል።

ጎማውንስ ምን እንበለው? «የጉድለት ቱቦ» ቢሉት መካኒኩ የተበላሸ መስሎት ይጥለዋል! ስለዚህ ዕቃው «የቫኪዩም ጎማ» እንደተባለ ይቆይ፤ በመለኪያው ላይ የሚነበበውን ግን «የግፊት ጉድለት» እንበለው።

የቫኪዩም ጎማ ያስቀየረ ሰው ደባርቅ ሲደርስ ይህን ይሞክር። ሞተሩን አጥፍቶ ፍሬኑን አራት አምስቴ ይርገጥ፤ ከዚያ እንደረገጠ ሞተሩን ያስነሳ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ ማገዣው ይሠራል። ካልተነቃነቀ ሊማሊሞን አይውረድ።