በአሳታሚዎች ላይ የሚቀርብ የስም ማጥፋት ክስ (ሐዋሳ)

በጋዜጣ፣ በመጽሔት ወይም በሌላ መገናኛ ብዙኃን አሳታሚ ላይ የሚቀርብ የስም ማጥፋት ክስ በኢትዮጵያ ሕግ ከውል ውጭ ኃላፊነት የሚመነጭ የካሳ ጥያቄ ነው። መሠረቱ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2044 እስከ 2049 ነው። የክሱን አጻጻፍ የሚገዛው ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው።

ሐዋሳ በዚህ ጉዳይ ስሟ የሚነሳው በኢትዮ-ምኅዳር ጋዜጣ ምክንያት ነው። ሳምንታዊው ጋዜጣ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አስተዳደር ተፈጽሟል ስላለው ሙስና ዘግቦ በስም ማጥፋት ተከሰሰ። የአዲስ አበባ ባልደረቦቹም 275 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዙ ሐዋሳ ችሎት መቅረብ ነበረባቸው። በ2013 እ.ኤ.አ. ከችሎት ሲመለሱ የመኪና አደጋ ደርሶባቸው ተጎዱ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 27 በሰው ላይ ለደረሰ በደል ካሳ የሚጠይቅ ከሳሽ ጉዳቱ በደረሰበት ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ እንዲከስ ምርጫ ይሰጠዋል። ለተበዳዩ ተገቢ ምርጫ ነው፤ አቅሙ ለደከመ ጋዜጣ ግን ከፍርዱ በፊት መንገዱ ራሱ ቅጣት ይሆንበታል። የክስ ማመልከቻው ጥርት ብሎ መጻፍ ያለበትም ስለዚህ ነው።

 የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 222 ለክሱ ምክንያት የሆኑት ፍሬ ነገሮች፣ መቼና የት እንደ ተፈጸሙ፣ ፍርድ ቤቱ የመዳኘት ሥልጣን ያለው ለምን እንደሆነና የሚጠየቀው ዳኝነት ምን እንደሆነ እንዲገለጽ ያዛል። «ጋዜጣው ስሜን አጥፍቷል» ብሎ ማለፍ አይበቃም። የታተመው ቃል እንዳለ ተጠቅሶ፣ የወጣበት እትምና ቀን ተጽፎ፣ አንባቢ ከሳሹን በምን እንደሚለይ መብራራት አለበት። ቃሉ ከሳሹን እንዴት ለጥላቻ፣ ለንቀት ወይም ለመሳለቂያ እንደሚዳርግ ካልተብራራም ተከሳሹ ምን ብሎ እንደሚመልስ አያውቅም። የማስረጃ ዝርዝር ይያያዛል፤ የክስ ምክንያት የሌለው ማመልከቻ በቁጥር 231 መሠረት ውድቅ ይሆናል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2044 የሚናገረው በሕይወት ስላለ ሰው ነው። ከሳሹ እንደ ዩኒቨርሲቲ ያለ ተቋም ሲሆን የተነካው የማን ክብር እንደሆነ ክሱ ራሱ ማስረዳት ይኖርበታል።

ለመጎዳት ማሰብ በመርሕ ደረጃ አያስፈልግም። ሕዝብን በሚመለከት ጉዳይ ላይ ሐሳቡን የገለጸ ሰው ግን በቁጥር 2046 የሚጠየቀው ነገሩ ሐሰት መሆኑን በእርግጠኝነት እያወቀ ከሆነ ብቻ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመንግሥት ሹማምንትን በሚመለከት ተቀራራቢ መርሕ ያወጣው በ1964 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ታይምስና በሰሊቫን ክርክር ነው፤ የኢትዮጵያ ሕግ በአራት ዓመት ይቀድመዋል። እንዲህ ያለ ጽሑፍን የሚከስ ሰው ይህን እውቀት የሚያሳዩ ፍሬ ነገሮች ከመነሻው ቢጽፍ ይበጀዋል። እውነት መናገርም መከላከያ ነው፤ ብቸኛው ዓላማ መጉዳት ካልሆነ በቀር። አሳታሚው አስቦ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ካልሠራና ሲጠየቅ ወዲያው አስተባብሎ ይቅርታ ካለ ቁጥር 2049 ይጠብቀዋል። ስለዚህ ማስተባበያ ተጠይቆ ከነበረ ጥያቄውና የተሰጠው መልስ በክሱ ውስጥ መግባት አለባቸው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሞራል ካሳን በ1,000 ብር ገድቦ ነበር። አዋጅ ቁጥር 590/2000 በመገናኛ ብዙኃን ለተፈጸመ ስም ማጥፋት ጣሪያውን ወደ 100,000 ብር ከፍ አድርጎት ነበር። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ደግሞ እንዲህ ያለው ስም ማጥፋት ወንጀል መሆኑን አስቀርቶ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ አድርጎታል። የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።