የቁጥጥር ቻርትን በኤክሴል መማር፦ ሲግማው ከየት ይመጣል?

ስታቲስቲካዊ የጥራት ቁጥጥር አንድ የማምረት ሂደት በተለመደው ጠባዩ እየሠራ መሆኑን ወይም ከጠባዩ ያስወጣው ምክንያት መኖሩን በናሙና ልኬት የሚለይ ዘዴ ነው። ያለቀለትን ምርት አንድ በአንድ እየመረመሩ እንከን ያለበትን መጣል ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው፤ ይህ ዘዴ ግን ሂደቱን ገና በሥራ ላይ ሳለ ይከታተለዋል። ሒሳቡ ከባድ አይደለም፤ አማካይ ማውጣት፣ ትንሹን ልኬት ከትልቁ መቀነስ፣ ማባዛትና መደመር ይበቃል። ከባዱ ሐሳቡ ነው፣ በተለይም የቁጥጥር ቻርቱ ወሰኖች የሚሰመሩበት የመለዋወጥ መጠን ከየት እንደሚወሰድ መረዳት። ኤክሴልን የመሰለ ፕሮግራም ለተማሪ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። በየሴሉ ውስጥ ያለው ፎርሙላ ስለሚታይ አንድ ቁጥር ከየት እንደመጣ እስከ ምንጩ ተከትሎ ማየት ይቻላል።

የዘዴውን መሠረት የጣለው አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ዋልተር ሼዋርት ነው። በዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያ የምርመራ ክፍል ይሠራ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 16 ቀን 1924 ለአለቃው በጻፈው አጭር ማስታወሻ የመጀመሪያውን የቁጥጥር ቻርት ሥሎ አቀረበ፤ በ1931 ደግሞ ሐሳቡን በመጽሐፍ አሳተመ። ሼዋርት እንዳስረዳው የትኛውም ሂደት ይለዋወጣል፤ የመለዋወጡ መንስኤዎች ግን ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ በሂደቱ ውስጥ ዘወትር ያሉ፣ እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት የሚያዋጡ የተለመዱ መንስኤዎች ናቸው። ሌሎቹ ልዩ መንስኤዎች ናቸው፤ የተበላሸ ሚዛን፣ የተቀየረ ጥሬ ዕቃ፣ ያልተስተካከለ ማሽን። ልዩውን ፈልጎ ማስወገድ የባለሙያው ሥራ ነው፤ የተለመደውን ለመቀነስ ግን ሂደቱን ራሱን መለወጥ ያስፈልጋል፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ የአስተዳደሩ ውሳኔ ነው። ቻርቱ የተፈለገው እነዚህን ሁለቱን ሳያደባልቁ ለመለየት ነው።

አሠራሩን ለማሳየት ሲሚንቶ በ50 ኪሎ ግራም ከረጢት የሚሞላ ማሽን ይወሰድ። ቁጥሮቹ ለማስተማሪያነት የተዘጋጁ ናቸው። በየሰዓቱ ተከታትለው የወጡ 5 ከረጢቶች ይመዘናሉ፤ እነዚህ አንድ ንዑስ ቡድን ይባላሉ። በኤክሴሉ ገጽ ላይ እያንዳንዱ ንዑስ ቡድን አንድ ረድፍ ይይዛል። በመጀመሪያው ዓምድ ተራ ቁጥሩ፣ በተከታዮቹ አምስት ዓምዶች ክብደቶቹ፣ ከዚያ አማካዩ፣ በመጨረሻም ሬንጁ፣ ማለትም የትልቁና የትንሹ ክብደት ልዩነት ይሰፍራሉ። ለአማካዩ «አቨሬጅ»፣ ለሬንጁ ደግሞ «ማክስ» እና «ሚን» የተባሉት ፈንክሽኖች ይበቃሉ፤ ፎርሙላው በአንድ ረድፍ ከተጻፈ በኋላ ወደ ታች ይጎተታል። ከ24 ንዑስ ቡድን በኋላ የአማካዮቹ አማካይ 50.2፣ የሬንጆቹ አማካይ 0.93 ቢሆን፣ የአማካይ ቻርቱ ወሰኖች የሚገኙት 0.93ን በ0.577 በማባዛት ነው። ውጤቱ 0.54 ገደማ ስለሆነ የላይኛው ወሰን 50.74፣ የታችኛው 49.66 ይሆናል። ለሬንጁ ቻርት የላይኛው ወሰን 0.93 በ2.114 ተባዝቶ 1.97 ይሆናል፤ በአምስት ልኬት ንዑስ ቡድን የታችኛው ወሰን ዜሮ ነው።

0.577 የተባለው ቋሚ ቁጥር ተማሪ በቃሉ የሚይዘው ምስጢር ሆኖ መቅረት የለበትም። አምስት ልኬት ያለው ናሙና ሬንጁ በአማካይ የሲግማው፣ ማለትም የስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ፣ 2.326 እጥፍ ነው። ስለዚህ 0.93 ለ2.326 ሲካፈል የሂደቱ ሲግማ 0.40 ኪሎ ግራም ሆኖ ይገኛል፤ ይህ በ5 ስኩዌር ሩት ተካፍሎ በ3 ሲባዛ ያንኑ 0.54 ይሰጣል። ሁለቱን መንገዶች ጎን ለጎን በሁለት ሴሎች ጽፎ ማመሳከር ከጥቂት ደቂቃ በላይ የማይፈጅ፣ ግን ብዙ የሚያስተምር ልምምድ ነው። ሬንጅ የተመረጠው በወረቀትና በእርሳስ ለሚሠራ ሰው ስለሚቀል ነበር። ኮምፒውተር ባለበት የየንዑስ ቡድኑን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን መጠቀምም ያው ነው፤ ንዑስ ቡድኑ ከ10 በላይ ልኬት ሲኖረው ደግሞ ሬንጅ ብዙ መረጃ ስለሚያባክን ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ይመረጣል።

ጀማሪ ተማሪ የሚሳሳተው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ኤክሴል ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በአንድ ፈንክሽን ስለሚያወጣ፣ 120ዎቹን ክብደቶች በአንድ ላይ መርጦ ሲግማውን ማስላትና ወሰኑን በእሱ ማስመር ያጓጓል። የዚህን ጉዳት ለማየት የቀኑ ፈረቃ በአማካይ 49.8፣ የሌሊቱ 50.6 ኪሎ ይሞላል፣ በየፈረቃው ውስጥ ያለው ሲግማም 0.40 ነው ተብሎ ይታሰብ። አጠቃላይ አማካዩ 50.2 ነው፤ በሁለቱ ፈረቃዎች መካከል ያለው የ0.8 ኪሎ ልዩነት ግን በአንድ ላይ በተሰላው ሲግማ ውስጥ ገብቶ ወደ 0.57 ያሳድገዋል። በዚህ የተሰመሩት ወሰኖች 49.44 እና 50.96 ይሆናሉ። በትክክለኛው ወሰን ከአምስት ነጥቦች አንዱ ያህል ከመስመር ወጥቶ የፈረቃዎቹን ልዩነት ሲናገር፣ በተሳሳተው ወሰን የሚወጣው ከ45 ነጥቦች አንድ ገደማ ብቻ ነው። ሊያዝ የሚገባው ልዩ መንስኤ የወሰኑ አካል ሆኖ ራሱን ይሸሽጋል። በ5 ስኩዌር ሩት ማካፈል ከተረሳ ደግሞ ወሰኑ ከ48.5 እስከ 51.9 ይሰፋና ቻርቱ ምንም የማይናገር ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ የንዑስ ቡድኑ አመራረጥ ከሒሳቡ ይበልጣል። አምስቱ ከረጢቶች ተከታትለው የወጡ መሆን ያለባቸው፣ በውስጣቸው የተለመደው መለዋወጥ ብቻ እንዲታይና የጊዜ፣ የፈረቃና የጥሬ ዕቃ ለውጥ በንዑስ ቡድኖች መካከል እንዲቀመጥ ነው። ከሁለት ማሽኖች የወጡትን በአንድ ረድፍ ደባልቆ የመዘገበ ሰው ምንም ያህል ትክክለኛ ፎርሙላ ቢጽፍ ቻርቱ አያድነውም።

ሌላው የኤክሴል ጥቅም እውነቱ አስቀድሞ የታወቀ ሂደት መፍጠር መቻሉ ነው። «ራንድ» የተባለውን ፈንክሽን የኖርማል ስርጭትን ከሚገለብጠው ፈንክሽን ጋር በማጣመር አማካዩ 50፣ ሲግማው 0.4 የሆነ የክብደት ተራ ማመንጨት ይቻላል፤ ኤፍ 9 የተባለው ቁልፍ በተነካ ቁጥር ገጹ በአዲስ ቁጥሮች ይሞላል። ተማሪው ምንም ያልተለወጠ ሂደትም አልፎ አልፎ ከወሰን እንደሚወጣ ያያል፤ በሦስት ሲግማ ወሰን ይህ የሐሰት ማስጠንቀቂያ ከ370 ነጥቦች አንድ ያህል ነው። አማካዩን በአንድ ሲግማ ከፍ አድርጎ ሲሞክር ደግሞ ቻርቱ ለውጡን የሚይዘው በአማካይ ከ4 እስከ 5 ንዑስ ቡድን ካለፈ በኋላ መሆኑን ይረዳል።

ከሲሙሌሽኖቹ ሁሉ ብዙ የሚያስተምረው የስታቲስቲክስ ሊቁ ኤድዋርድስ ዴሚንግ በፈነል ያሳየው ሙከራ ነው። በአንድ ዓምድ የማሽኑ የተፈጥሮ መለዋወጥ፣ በሁለተኛው የኦፕሬተሩ ማስተካከያ፣ በሦስተኛው ውጤቱ ይጻፋል። ኦፕሬተሩ ከእያንዳንዱ ከረጢት በኋላ ስህተቱን ለማካካስ ማሽኑን በዚያው መጠን በተቃራኒ አቅጣጫ የሚያስተካክል ከሆነ፣ የውጤቱ ቫሪያንስ፣ ማለትም የሲግማው ስኩዌር፣ እጥፍ ይሆናል፤ ሲግማው ከ0.40 ወደ 0.57 ያድጋል። በትጋት የሚነካካ ሠራተኛ ማሽኑን ሳይነካ ከሚተወው ይልቅ መለዋወጡን ያባብሳል። ይህን በቃል ሲነገራቸው የማይቀበሉ ብዙዎች በራሳቸው በጻፉት ፎርሙላ ሲያዩት ይቀበሉታል።

መረጃ አገባብ ላይ ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ። «አቨሬጅ» እንደ ጽሑፍ የተመዘገበን ቁጥር ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይዘለዋል፤ አምስት ልኬት ያለ መስሎ አራት ብቻ ሊሰላ ይችላል። «ካውንት» የተባለው ፈንክሽን በየረድፉ ገብቶ 5 መሆኑን ቢያረጋግጥ ችግሩ ወዲያው ይታወቃል። ከ2003ቱ እትም በፊት የነበሩት የኤክሴል እትሞች ደግሞ እጅግ ትላልቅ ሆነው ልዩነታቸው ትንሽ የሆነ ቁጥሮችን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ሲያሰሉ ይሳሳቱ ነበር።

በኢትዮጵያ ፋብሪካዎች የጊዜ አመዘጋገብ የራሱ ችግር አለው። ኤክሴል በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የተጻፈን ቀን እንደ ጎርጎርዮሳዊ ያነበዋል፤ የጳጉሜን ቀን እንደ ኮምፒውተሩ አደራረግ ጽሑፍ ያደርገዋል ወይም ወደ ሌላ ወር ይወስደዋል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተብሎ የገባ ልኬትም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንደተወሰደ ይቆጠራል። ገጹ በቀንና በሰዓት ሲደረደር ቅደም ተከተሉ ይፋለሳል፤ የቁጥጥር ቻርት ደግሞ ያለ ቅደም ተከተል ትርጉም የለውም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቻርቱ ሁልጊዜ በንዑስ ቡድኑ ተራ ቁጥር ይሠራ፣ ቀኑና ሰዓቱ ለማስታወሻ ብቻ ይቀመጥ።

ነጥብ ከወሰን መውጣቱ ብቸኛው ምልክት አይደለም። ዌስተርን ኤሌክትሪክ በ1956 ባሳተመው መመሪያ መጽሐፍ ተጨማሪ ደንቦች ወጥተዋል፤ ለምሳሌ 8 ተከታታይ ነጥቦች ከመካከለኛው መስመር በአንድ ወገን ቢውሉ ሂደቱ እንደተለወጠ ይቆጠራል። እነዚህ በኤክሴል ቀለም እንዲሰጡ ማድረግ አያስቸግርም። ነገር ግን የወሰኑን ጨምሮ አራቱም ደንቦች በአንድ ላይ ሲሠሩ የሐሰት ማስጠንቀቂያው ከ370 ነጥቦች አንዱ መሆኑ ቀርቶ ከ92 ገደማ አንዱ ይሆናል። ሁሉንም መደርደር ጥንቃቄ ይመስላል፤ በፋብሪካ ውስጥ ግን ምልክቱን ማንም የማያምነው ያደርገዋል።

ሂደቱ ከተረጋጋ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ መስፈርቱን ማሟላቱ ነው። ፈረቃዎቹ ተስተካክለው ሁለቱም በ50.2 ቢሞሉና መስፈርቱ ከ49 እስከ 51 ኪሎ ቢሆን፣ የመስፈርቱ ስፋት ለስድስት ሲግማ ሲካፈል ሲፒ 0.83፣ ወደ ቅርቡ ጫፍ የሚለካው ሲፒኬ ደግሞ 0.67 ይሆናል። ከመስፈርት ውጭ የሚሆነው 2.4 በመቶ ያህል ነው። ማሽኑን ወደ 50.0 መመለስ ብቻ ይህን ወደ 1.2 በመቶ ያወርደዋል፤ ከዚያ በታች ለማውረድ ሲግማው ራሱ መቀነስ አለበት። የመስፈርቱን መስመሮች በአማካይ ቻርት ላይ መሣል ግን ትልቅ ስህተት ነው፤ መስፈርቱ የነጠላ ከረጢት ሲሆን ነጥቡ የአምስት ከረጢቶች አማካይ ነውና።

የቁጥጥር ቻርት ከሰባቱ መሠረታዊ የጥራት መሣሪያዎች አንዱ በመሆኑ፣ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ ስሙ ለብዙ የፋብሪካ ባለሙያዎች እንግዳ አይደለም። የሚያስፈልገው ሰዎች ቻርቱን በእጃቸው እንዲሠሩት ማድረግ ነው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ መምህራንም ሆኑ የፋብሪካ አሠልጣኞች ቁጥር ሲገባበት ቻርት የሚያወጣ የተዘጋጀ ፋይል ከማደላቸው በፊት፣ ለሠልጣኙ ባዶ የኤክሴል ገጽና ከራሱ የሥራ ቦታ የተለኩ 25 ንዑስ ቡድኖች ይስጡት፤ ሲግማውን ከየት እንዳመጣውም ይጠይቁት።