ሁለት ጊዜ የተጠየቀ ሕዝብ፣ ያልተጠየቀ ሕዝብ፦ የወላይታ ድጋሚ ሕዝበ ውሳኔ እና እኛ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ በቅርብ ታሪካችን ውስጥ በወጉ ያልተመረመረ አንድ ክስተት ነው። የወላይታ ዞን ሕዝብ በ2015 ዓ.ም. በአንድ ጥያቄ ላይ ሁለት ጊዜ ድምፅ ሰጥቷል፤ መጀመሪያ ጥር 29 ቀን፣ ከዚያም ሰኔ 12 ቀን። ጥያቄው የአንድነት ጥያቄ ነበር፤ ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች በአንድ የጋራ ክልል ይደራጁ ወይስ አይደራጁ የሚል።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ወደ 1984 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። የሽግግሩ መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 7/1984 ካቋቋማቸው 14 ክልሎች መካከል ከ7 እስከ 11 የተቆጠሩት አምስቱ ብዙም ሳይቆዩ ተዋሕደው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ሆኑ። ውሕደቱን የወሰኑት የፖለቲካ ድርጅቶች ናቸው፤ ሕዝብ በድምፅ አልተጠየቀም። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች አቀላቅሎ «ዎጋጎዳ» በሚል ስም የተዘጋጀው የመማሪያ መጽሐፍ በሶዶ ታላቅ ተቃውሞ አስነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። መጽሐፉ ቀረ፤ የሰሜን ኦሞ ዞንም ጥቂት ቆይቶ ፈረሰ። የወላይታ ሰው «ጋራ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ለምን እንደሚጠራጠር መረዳት የሚሻ ከዚህ ይጀምር። ለሰነፍ ተንታኝ ጥርጣሬው ጠባብነት ይመስለዋል፤ ለታሪክ ተማሪ ግን ትውስታ ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 ለማንኛውም ብሔር የራሱን ክልል የመመሥረት መብት ሰጥቷል። ሥርዓቱም ተጽፏል፤ የብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል፤ ጥያቄው የቀረበለት የክልል ምክር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። ከ2010 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ከአሥር በላይ የዞን ምክር ቤቶች ይህንኑ ጠየቁ። የሀዲያና የከምባታ ጠምባሮ ምክር ቤቶችም ከጠያቂዎቹ መካከል ነበሩ። የወላይታ ምክር ቤት የወሰነው ታኅሣሥ 10 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። ሲዳማ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፅ ሰጥቶ ክልል ሆነ። የወላይታ አንድ ዓመት ግን መልስ ሳያገኝ አለፈ፤ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የዞኑ አመራሮች ከታሰሩ በኋላ በተነሣው ተቃውሞ በሶዶና በቦዲቲ ሰዎች ሞቱ።

እንግዲህ በጥር 2015 ዓ.ም. ለመራጩ የቀረበው ወረቀት በዚህ ሁሉ ላይ የተጫነ ነበር። ወረቀቱ ሁለት ምርጫ ነበረው፤ የጋራውን ክልል እደግፋለሁ፣ ወይም አልደግፍም። የራሴን ክልል እሻለሁ የሚል ሦስተኛ ቦታ አልነበረውም። «አልደግፍም» ያለ ሰው ያገኝ የነበረው ሌሎች እየለቀቁት ባለው ነባሩ ክልል ውስጥ መቆየትን ነው። የክርክሩ እምብርት ይህ ነበር። አንዱ ወገን፣ የጋራ ክልል ከተቆራረጡ ትንንሽ ክልሎች ይልቅ የሚችል አስተዳደር ያስገኛል፤ ወጪውም ይቀንሳል አለ። ሌላው ወገን፣ ምክር ቤታችን የጠየቀው ሌላ፣ እኛ የተጠየቅነው ሌላ አለ። በእኔ ዳኝነት የኋለኛው ሙግት በሕጉ ቃል የጸና ነው፤ የፊተኛው ሙግት ግን በዋዛ የሚታለፍ አይደለም፤ በጀቱን ለደመወዝ የጨረሰ ወረዳ ያየ ሰው ይህን ያውቃል።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ የአምስቱን ዞኖችና የአምስቱን ልዩ ወረዳዎች ውጤት ሲያጸድቅ በወላይታ ግን በምዝገባና በድምፅ አሰጣጥ ላይ ከባድ የሕግ ጥሰት ማግኘቱን ገልጾ ድምፁ እንዲደገም ወሰነ። በሰኔው ድምፅ ድጋፉ አብላጫ አገኘ፤ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልልም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተመሠረተ።

ድጋሚ ድምፅ ሲባል ምሁራን ፈጥነው የሚጠቅሱት አየርላንድን ነው። የአየርላንድ ሕዝብ የአውሮፓ ኅብረትን የኒስ ውል እ.ኤ.አ. በ2001፣ የሊዝበንን ውል ደግሞ በ2008 ውድቅ አደረገ፤ ሁለቱንም በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ እንደገና ተጠይቆ አጸደቀ። ዴንማርክም የማስትሪኽትን ውል በ1992 በ50.7 በመቶ ጥላ በ1993 በ56.7 በመቶ ተቀብላለች። በእነዚህ አገሮች የተነሣው ወቀሳ «መንግሥት የሚወደውን መልስ እስኪያገኝ ይጠይቃል» የሚል ነበር። ተከላካዮቹ ደግሞ በሁለቱ ድምፆች መካከል አዲስ ነገር እንደ ገባ ያሳያሉ፤ ዴንማርክ በኤዲንብራ ስምምነት ከጋራ ገንዘብና ከጋራ መከላከያ ነፃ የመሆን መብት አገኘች፤ አየርላንድም ስለ ገለልተኝነቷና ስለ ግብሯ ዋስትና ተሰጣት።

ንጽጽሩ የሚጠቅመን ልዩነቱን ስለሚያሳይ ነው። እዚያ የተደገመው ውጤቱ ስላልተወደደ እንጂ ቆጠራው ስለ ተበላሸ አልነበረም፤ በወላይታ የተደገመው ሥርዓቱ ስለ ተጣሰ ነው። ስለዚህ ቦርዱ ድምፁን በመሰረዙ ሊወቀስ አይገባውም፤ እንዲያውም በአገራችን የምርጫ ታሪክ እንዲህ ያለ ውሳኔ ብርቅ ነው። ነገር ግን በሌላ በኩል አየርላንዳዊው ሲመለስ የተሻሻለ ጥያቄ ጠበቀው፤ ወላይታው ሲመለስ ያው ጥያቄ ጠበቀው። የተስተካከለው አሠራሩ እንጂ የተጠየቀው ነገር አልነበረም።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲወጣ የቀረነው፣ ሀዲያ፣ ከምባታ፣ ጉራጌ፣ ስልጤ፣ ሀላባና የም፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሆንን፤ ርዕሰ ከተማውም ሆሳዕና። እዚህ ዳምቦያ የድምፅ መስጫ ጣቢያ አልተከፈተም። የሕጉ ማስረጃ፣ የተለዩት ሄዱ፣ እናንተ ግን ነባሩ ክልል ናችሁ፤ የተቀየረው ስያሜና አደረጃጀት ነው የሚል ነው። የጉራጌ ዞን ምክር ቤት የጋራ አደረጃጀቱን በአብላጫ ድምፅ ውድቅ አድርጎ እንደ ነበር ለምናስታውስ፣ ይህ ማስረጃ በቅርጹ ትክክል ቢሆንም የሚያሳርፍ አይደለም።

ከምባታና ሀዲያ በደርግ ዘመን በሸዋ ሥር አንድ አውራጃ ነበሩ፤ ማዕከሉም ሆሳዕና ነበረች። ዛሬ በአንድ ክልል ዳግም ተገናኝተዋል፤ ጠምባሮም ከከምባታ ተለይቶ ልዩ ወረዳ ሆኗል። ሦስቱም ለውጦች የተፈጸሙት በውሳኔ ሰጪ አካላት ደብዳቤና በምክር ቤት ድምፅ ነው። ለተመራቂ ተማሪዎቼ የማቀርበው የጥናት ጥያቄ ከዚህ ይነሣል፦ የወላይታን የሁለት ጊዜ ድምፅና የእኛን ዝምታ ጎን ለጎን አድርጋችሁ፣ የዞን ምክር ቤቶች ቃለ ጉባኤዎችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አንብቡ፤ አረጋውያኑም ገና በሕይወት ሳሉ ጠይቁ። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።